የጥለቱ ቀለም የጠፋባቸው ፎቶግራፎች

የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የምርቃት ፎቶግራፍ ከለር ይሁን ወይስ ጥቁርና ነጭ ብሎ ማማረጥ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ወላጆቻችን ሲነሱ መራጩ ፎቶ ቤቱና ገበያው ያመጣለት ፊልም ነበር። አያቶቻችን በጥቁርና ነጭ የቀሩት ወደው አይደለም።

ዳንግላና እንጅባራ ባሉበት በአዊ ምድር ካሜራ የገባው ከቀለም ፊልም በፊት ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገሩ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀምጦ ነበር። የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ሲያጠና ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር፤ በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያሳተመው መጽሐፍም እነዚህን ሥዕሎች ይዟል። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ የመንገደኛ ዓይን ያያቸው እንጂ ቤተሰብ ለራሱ የተነሳቸው አይደሉም።

ለራስ መነሳት የከተማ ልማድ ሆኖ ነው የጀመረው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ወደ ልጆቹም ተላለፈ። ቀለም ደግሞ በእንግዳ እጅ ቀድሞ ደረሰ። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ላይ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶ አንሺ ሮበርት ሙር በቀለም አንስቷል፤ ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 እትም ወጡ። በዚያው ዘመን ለተራው ሰው ቀለም ማለት ታትሞ ያለቀ ፎቶ ላይ በብሩሽ ጉንጩን፣ ከንፈሩን፣ ጥለቱን መቀባት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጥለት ቆም ብለን እናስብ። ሙሉ ነጭ ለብሶ የተሰለፈ ቤተሰብን ማንሳት ለማንኛውም ፎቶ አንሺ ፈተና ነው። ነጠላው ብርሃን ይመልሳል፣ ጥቁር ፊት ብርሃን ይውጣል። ለነጠላው ከለኩ ፊቱ ይጠፋል፤ ለፊቱ ከለኩ ነጠላው ያለ ክር የነጣ ወረቀት ይመስላል። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ቤት መላ ነበረው። ባለሙያው ጨለማ ክፍል ገብቶ ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በእጁ እየጋረደ ነጠላውንና ፊቱን ያስታርቅ ነበር። ጥለቱ ግን ቀይ ይሁን አረንጓዴ ለዘላለም ግራጫ ሆኖ ቀረ። ከለር ሲመጣ ጥለቱ ተመለሰ፤ የሚያስታርቀው እጅ ግን ጠፋ። ፎቶ በማሽን መታተም ሲጀምር ማሽኑ የሥዕሉን አማካይ ብርሃን ብቻ ስለሚለካ በነጭ ልብስ ተታሎ ፊትን ያጠቁር ነበር። ከዚህም በላይ የምዕራባውያን ፊልም አምራቾች ለረጅም ጊዜ ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት በነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ዣን ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሞዛምቢክ ሳለ የኮዳክን ፊልም አልጠቀምም ያለው በዚህ ምክንያት ነበር። በየአልበማችን ያለው የጠቆረ ፊት ሁልጊዜ የፎቶ አንሺው ጥፋት አይደለም።

እንጅባራ፣ በቀድሞ ስሟ ኮሶበር፣ ጥር 23 ቀን በአገው ፈረሰኞች ዓመታዊ በዓል ላይ ለተነሳ ፎቶግራፍ የእኔ ፍርድ ግን አንድ ነው፤ ከለር ይሁን። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ አባቶች፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ባጌጠ ፈረስ ይወጣሉ። ግላሱ፣ ልጓሙ፣ የአንገቱ ጌጥ በቀለም የተሠራ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢነሳ ከፈረሱ የሚተርፈው ቅርጹ ብቻ ነው። ስለዚያ ዘመን ጥበብ ማወቅ የሚፈልግ የልጅ ልጅ ምን ይጠቅመዋል?

ይሁንና ከለር የራሱ ድክመት አለው፤ ዕድሜው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ላይ የሚቀረው ብር ነው፤ በደንብ ከታጠበ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። የከለር ፎቶ ከሦስት የቀለም ንብርብሮች የተሠራ ነው፤ በቆዩት ወረቀቶች ላይ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀድሞ ሲደክም ሥዕሉ ወደ ቀይ ይሄዳል። ስለዚህ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ዓ.ም. የሠርግ ፎቶ ቀልቶ ሲገኝ የአያቱ ጉርድ ፎቶግራፍ ግን እንደ ትናንት ነው። እንደ እንጅባራ ባለ ዝናብ የማይለየው ደጋ ደግሞ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። ሲላቀቅ ፊቱን ይዞ ይነሳል።

ዛሬ ስልኩ ሁሉን በቀለም ይመዘግባል፤ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ማጣሪያ ነው። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂውን እንደ ወደዱ ማድረግ ይቻላል። የማይቻለው በጥቁርና ነጭ ብቻ የቀረውን ወደ ቀለም መመለስ ነው። በአሁኑ ጊዜ የአያትን ፎቶ ቀለም ቀብቶ የሚመልስ ሶፍትዌር አለ፤ ሥራው ግን ግምት ነው። ነጠላው ላይ ቢጫ ጥለት ያስቀምጣል፣ እውነቱ ቀይ ቢሆንም። እንዲህ ያለውን «የአያቴ ፎቶ» ብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ሐሰትን ማውረስ ይመስለኛል።

አልበም ያላችሁ አንባቢዎች ከለሮቹን አስቀድማችሁ ስካን አስደርጉ፤ እነሱ ናቸው የሚቸኩሉት። የጥቁርና ነጮቹን ጀርባ ደግሞ ገልብጡና ገና በሕይወት ያሉትን አባትና እናት ጠይቃችሁ የሰዎቹን ስም፣ የጥለቱን ቀለም፣ የፈረሱን ቀለምና ግላስ በእርሳስ ጻፉበት።