ዕዳ የነበረው ትንቢት፤ የእስፓኝኛ ግሥ እርባታ ከየት መጣ?

በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሰው ግሥ ማርባት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል እያለ አንዱን ግሥ በየጊዜውና በየባለቤቱ ሲዘረዝር አድጓል። እስፓኝኛ የጀመረ ተማሪም ዕጣው ይኸው ነው፤ ካንቶ፣ ካንታስ፣ ካንታ፣ ካንታሞስ፣ ካንታይስ፣ ካንታን፤ እዘፍናለሁ፣ ትዘፍናለህ፣ ይዘፍናል እያለ እስከ መጨረሻው ይወጣዋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት የተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በዚሁ ቋንቋ ተምረዋል። (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ይህን በቃላችን የምንወጣውን ሰንጠረዥ ማን ሠራው? ንጉሥ ነው? ሊቅ ነው? ወይስ ከብቱን እየነዳ የሚያወራው ገበሬ? ብዙዎቻችን መጽሐፉን ስለምናይ ሥራው የመጽሐፉ ጸሐፊ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

እስፓኝኛ የላቲን ልጅ ነው። ላቲን አራት የግሥ ቤቶች ነበሩት፤ በሕዝቡ አፍ ሁለቱ ተቀላቅለው ሦስት ቀሩ። በአር የሚያልቁት፣ እንደ ካንታር (መዝፈን)፤ በኤር የሚያልቁት፣ እንደ ኮሜር (መብላት)፤ በኢር የሚያልቁት፣ እንደ ቢቢር (መኖር)። የአሁኑና የኃላፊው ጊዜ እርባታ ድምፁ እየተሸራረፈ ከላቲን ወርዷል። የወደፊቱ ጊዜ፣ የእኛ ሰዋስው «ትንቢት» የሚለው፣ ግን አልወረደም። ወድቆ ተሰበረ፤ ሕዝቡ በምትኩ አዲስ ሠራ።

የሰበረው ምንድነው ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ድምፅ ነው። በላቲን ካንታቢት ማለት «ይዘፍናል» ሲሆን ካንታዊት ማለት «ዘፈነ» ነበር። ከጊዜ በኋላ የሁለቱ መካከለኛ ፊደል በአነጋገር አንድ እየሆነ ሄደ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው «ከፈለ» ይበል «ይከፍላል» ይበል ካልለየ ገበያ እንዴት ይቆማል? ስለዚህ ተናጋሪው ዘዴ ፈጠረ። ንዑስ አንቀጹን አስቀድሞ «አለኝ» የሚለውን ግሥ ከኋላው ቀጠለ፤ «መዝፈን አለኝ» እንደማለት ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ ግዴታ ነበር፣ ዕዳ ነበር። ዛሬ ያለብኝን ነገ እፈጽመዋለሁና ዕዳው ቀስ በቀስ ትንቢት ሆነ።

ይህ አዲስ ትንቢት በጽሑፍ ከሚታይባቸው እጅግ ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ የፍሬደጋር ዜና መዋዕል የሚባለው የ7ኛው መቶ ዓመት ጽሑፍ ነው። የሮሙ ንጉሥ ዩስቲኒያኖስ የፋርሱን ንጉሥ ድል አድርጎ አጠገቡ አስቀምጦ የያዘውን አገር እንዲመልስ ይጠይቀዋል። ፋርሱ «ኖን ዳቦ» ይላል፤ አልሰጥም ማለት ነው። (ዳቦ በላቲን «እሰጣለሁ» ነው፤ የተራበ ተማሪ ባይሰማው ይሻላል።) ዩስቲኒያኖስም «ዳራስ!» ብሎ ይመልሳል። ትሰጣለህ! ዳሬ «መስጠት»፣ ሃቤስ «አለህ»፣ ሁለቱ ተጣብቀው ዳራስ። ዳራስ የተባለችው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው ይላል ጸሐፊው። ተረት ነው፤ ከተማይቱ ከዩስቲኒያኖስ መንገሥ በፊት የነበረች ናት። ቃሉ ግን ተረት አይደለም። ተሸናፊው በአሮጌው ትንቢት እምቢ ሲል አሸናፊው በአዲሱ ያዘዋል፤ በዚያ አንዲት ቃል ውስጥ ግዴታና ወደፊት ገና አልተለያዩም።

እስፓኝኛም በዚሁ መንገድ ሄደ። «አለኝ» የሚለው አቤር በአሁን ጊዜ ኤ፣ አስ፣ አ፣ ኤሞስ፣ አን እያለ ይረባል። እነዚህን ካንታር ላይ ለጥፏቸው፤ ካንታሬ፣ ካንታራስ፣ ካንታራ፣ ካንታሬሞስ፣ ካንታራን። የትንቢቱ ሰንጠረዥ ወጣ! ለኮሜርም ለቢቢርም መድረሻው ያው አንድ ዓይነት የሆነው ለዚህ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ሊደነቅ አይገባውም። «እሰጣለሁ» የምንለው እኮ «እሰጥ» እና «አለሁ» ተጣብቀው ነው። ስፌቱን ማየት የፈለገ ሰው አፍራሹን ይመልከት፤ «አልሰጥም» ስንል «አለሁ» ጠፍቷል። ከዚህም የሚገርመው አለ። በመካከለኛው ዘመን እስፓኝኛ ሁለቱ ቃላት ገና ስላልተዋሐዱ ተሳቢው በመካከላቸው ይገባ ነበር፤ ዳር ቴ ኤ፣ «መስጠት፣ ለአንተ፣ አለኝ» ይባል ነበር። እኛስ? «እሰጥሃለሁ» አይደል የምንለው? እሰጥ፣ ህ፣ አለሁ። እስፓኝኛ ይህን ልማድ ከ17ኛው መቶ ዓመት በኋላ ተወው፤ አማርኛ እስከ ዛሬ ይዞታል። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ ከሌላው አልወሰደም። ተናጋሪ ሕዝብ በያለበት ባለው ዕቃ ይሠራል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ካለቀ በኋላ መጽሐፉ መጣ። በ1492 ጥር ወር ግራናዳ ለእስፓኝ ነገሥታት እጅ ሰጠች፤ ነሐሴ 3 ቀን ኮሎምቦስ መርከቡን አስነሣ፤ ነሐሴ 18 ቀን ደግሞ አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ የተባለ ሊቅ በሳላማንካ የካስቲልኛን ሰዋስው አሳተመ። ኔብሪሃ ጆሮው የበራ ሰው ነበር፤ ትንቢቱ ከንዑስ አንቀጽና ከአቤር የተሠራ መሆኑን ለይቶ ጽፎታል። ነገር ግን መጽሐፉን ያበረከተው ለንግሥት ኢዛቤላ ሲሆን፣ በመቅድሙ ቋንቋ ዘወትር የመንግሥት ግዛት ጓደኛ ሆኖ እንደኖረ ይሰብካል። ንግሥቲቱ «ጥቅሙ ምንድነው?» ብላ ጠይቃ እንደነበር፣ የአቪላው ጳጳስም ቀድሞት ገብቶ ድል የተነሡት ባዕዳን ሕዝቦች ሕጉንና ቋንቋውን ይማሩበታል ብሎ እንደመለሰላት እዚያው ይተርካል። የሚገርመው፣ ያ መጽሐፍ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ ዳግመኛ አልታተመም። በአሜሪካ የሰበኩት መነኮሳት ራሳቸው የአገሬውን ቋንቋ መማር ነበረባቸው፤ ዶሚንጎ ዴ ሳንቶ ቶማስ በ1560 የኬቹዋን ሰዋስው አሳተመ፤ በላቲን ልክ ሰፍቶ ቢሆንም። ቁርጡ የመጣው በ1770 ነው፤ ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ የአገሬው ቋንቋዎች እንዲጠፉና እስፓኝኛ ብቻ እንዲነገር አዘዘ። ዳራስ! እንግዲህ የኔብሪሃ ጳጳስ የተናገረው ትንቢት ዕዳ ሆኖ የተከፈለው በእነዚያ ሕዝቦች ምላስ ነው።

አሜሪካ ከእስፓኝ ነፃ ከወጣች በኋላ ጥያቄው ተገለበጠ። ቋንቋው የማን ነው? በ1842 በቺሊ በስደት የነበረው አርጀንቲናዊ ሳርሚየንቶ በጋዜጣ ተነሥቶ የቋንቋ ጌታ ሕዝቡ ነው፣ ሰዋስው ጸሐፊዎች ለውጥን የሚገቱ የአሮጌ ሸንጎ አባላት ናቸው አለ። የተከራከረው የካራካሱ ተወላጅ አንድሬስ ቤሎ ነበር፤ በወጣትነቱ ቦሊቫርን ያስተማረ፣ በለንደን 19 ዓመት የተቸገረ፣ በኋላ የቺሊ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሬክተር የሆነ ሰው። ቤሎ፣ ሥርዓት ከሌለ ላቲን እንደተበታተነ እስፓኝኛም ይበታተናል ብሎ ይፈራ ነበር። ሆኖም በ1847 ያሳተመው ሰዋስው ለአሜሪካውያን አገልግሎት የተጻፈ ነው፤ ግሦቹንም የላቲን ልብስ አላለበሳቸውም። ለየጊዜው ስም ሲያወጣ ከራሱ ከቋንቋው አሠራር ተነሣ። ኃላፊ አለ፤ ከኃላፊው ጋር አብሮ የነበረ አለ፤ ከኃላፊው በኋላ የሚመጣ አለ፤ ከእያንዳንዱም የሚቀድም አለ። በላቲን አሜሪካ እስከ ዛሬ በእነዚህ ስሞች የሚያስተምሩ አሉ።

ታዲያ ማን ረታ? ቤሎ «አንተ» ለማለት ቦስ የሚለውን አነጋገር ባለጌነት ነው ብሎ አጥብቆ ነቅፎታል። አርጀንቲናዊው ግን ካንታስ በማለት ፈንታ የመጨረሻዋን ድምፅ አጥብቆ ቦስ ካንታስ ማለቱን አልተወም፤ በ2009 የ22 አገር አካዳሚዎች በጋራ ያወጡት ሰዋስው ይህንኑ እርባታ በሰንጠረዡ አስገብቶታል። ትላንት ስሕተት ተብሎ በቀይ የተሰመረበት ዛሬ ትምህርት ሆኗል። ትንቢቱም አርፎ አልተቀመጠም። በንግግር ካንታሬ እየቀነሰ «ልዘፍን እሄዳለሁ» የሚል ዓይነት አባባል ቦታውን እየወሰደ ነው፤ እኛ «ልሄድ ነው» እንደምንለው። አሮጌው ትንቢት ደግሞ ለግምት ይውላል፤ እኛም «አሁን እቤቱ ይሆናል» እንል የለም?

ይህን ያመጣሁት እስፓኝኛ ላስተምር ብዬ አይደለም። እኛም የአማርኛን ግሥ በእንግሊዝኛ ጊዜያት ሣጥን ውስጥ ለመክተት ስንታገል እንውላለን፤ ያልገባው ሲተርፍ «አማርኛ ጊዜ ይጎድለዋል» እንላለን። ቤሎ ልብሱን ለራሱ ቋንቋ ገላ ሰፋ እንጂ ገላውን ለልብሱ አልቆረጠም። ደግሞም ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር የመጣ ጓደኛችን ግሡን እንደ አገሩ ሲያረባ በመኝታ ቤት የምንስቅበት ነገር አለ። ከመሳቃችን በፊት የተናገረውን በደብተራችን ብንጽፈው ይሻላል። ዳራስ የሚለውን ቃል የዚያ ዘመን ሊቃውንት ቢሰሙት የተበላሸ ላቲን ነው ብለው በሳቁ ነበር፤ ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ነገን የሚናገሩት በእርሱ ዓይነት ነው።