ዜና መዋዕል ዘካፒቶል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ካፒቶል የተባለው የአሜሪካ የሸንጎ ቤት እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ ድንጋዩን እነማን እንደ ጠረቡት፣ በጉልላቱ ላይ የቆመችውም ሐውልት እንዴት እንደ ወጣች እንጽፋለን። እኛ የዚህ ቤት ወዳጆች ነንና ከክብሩ የምናጎድለው የለም።

በ1786 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም 10 ቀን፣ በእኛ ዘንድ ተቀጸል ጽጌ በሚከበርበት ዕለት፣ ጆርጅ ዋሽንግተን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው መጡ። እርሳቸውም ከእንግሊዝ ጋር ተዋግተው ሀገራቸውን ነፃ ያወጡ ታላቅ ሰው ናቸው። ከበሮ እየተመታ፣ ሰንደቅ ዓላማ እየተውለበለበ፣ የፍሪሜሶን ማኅበርተኞች ሽርጣቸውን ታጥቀው እየተከተሏቸው ወደ ኮረብታው ወጡ። ከተማሰውም መሠረት ወርደው የብር ሰሌዳ ከማዕዘኑ ድንጋይ ጋር አኖሩ፤ እህል፣ ወይንና ዘይትም ቀረበ፤ መድፍ ተተኮሰ። ከዚያም ሕዝቡ ሁሉ ወደ ዳስ ገብቶ 500 ፓውንድ የሚመዝን በሬ ተጠብሶ ተበላ። ቀኑ ረቡዕ ነበረ። ጾም መሆኑን የነገራቸው አልነበረምና እግዚአብሔር አይቁጠርባቸው።

ያ የማዕዘን ድንጋይ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።

የግንቡ ድንጋይ የመጣው ከቨርጂኒያ፣ ከአኳያ ወንዝ ዳር ካለ ካባ ነው። አሸዋማ ነውና ለመጥረቢያ ይለዝባል፤ ዝናብና ውርጭም ቶሎ ይበላዋል። ሹማምንቱ ሠራተኛ ቢያጡ ባሮችን ከጌቶቻቸው ተከራዩ። እነዚህም ከነፃ ሰዎች ጋር ሆነው ደኑን መነጠሩ፣ ጡብ አቃጠሉ፣ ድንጋዩን ፈንቅለው ወደ ጀልባ ጫኑ፣ ከተማ ሲደርስም በመጋዝ ሰነጠቁት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1795 እስከ 1801 ድረስ ለዚህ ኪራይ የተከፈለ 385 ጊዜ ተመዝግቦ ተገኝቷል፤ ገንዘቡን የተቀበሉት ጌቶች ናቸው። የበሬው ክብደት ተጽፎልናል፤ የብዙዎቹ ጠራቢዎች ስም ግን አልተጻፈም።

በ1806 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ቤቱን እሳት አገኘው፤ በኋላም ታደሰ።

ወደ ጉልላቱ ነገር እንመለስ። ቶማስ ክሮፎርድ የተባለ ቀራጺ ሮም ተቀምጦ የነፃነትን ሐውልት ሲነድፍ፣ በጥንት ዘመን ነፃ የወጣ ባሪያ ይደፋው የነበረውን ቆብ በራሷ ላይ አደረገ። የጦር ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ዴቪስ ይህን ተቃወመ፤ በቆቡም ፈንታ የንስር ላባ ያለው የራስ ቁር ተደረገላት። ይኸው ሰው በኋላ ባርነትን ላለመልቀቅ ለሸፈቱት ግዛቶች ፕሬዚዳንት ሆነ።

የጀሶው ሞዴል ከሮም መጥቶ ተገጣጥሞ ከታየ በኋላ፣ ወደ ነሐስ ማቅለጫው ለመውሰድ እንደገና መፈታት ነበረበት። የገጣጠመው ጣሊያናዊ ግን ደመወዝ ካልተጨመረልኝ መጋጠሚያውን አላሳይም አለ ይባላል። የማቅለጫው ጌታ ክላርክ ሚልስ፣ ፊሊፕ ሪድ የሚባል ባሪያ ነበረው፤ ከቻርለስተን በ1,200 ዶላር የገዛው ነው። ሪድም በሐውልቲቱ ራስ ባለው ቀለበት ገመድ አስገብቶ በመዘውር ቀስ እያለ ቢስባት፣ መጋጠሚያው ፀጉር ያህል ተከፍቶ ታየ፤ እንዲሁም እያደረገ አንድ በአንድ ፈታት። ነሐሱ ሲቀልጥ እሳቱን እሑድ እሑድ ይጠብቅ ነበር፤ ስለ 33 እሑድም 41 ዶላር ከ25 ሳንቲም ለእጁ ተከፈለው። ስሙን መጻፍ አያውቅምና በመስቀል ምልክት ፈረመ። የቀሩት የስድስቱ ቀን ዋጋ የጌታው ነበረ። ሰንበትን መሻር ኃጢአት ነው፤ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ግን አንባቢ ይፍረድ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1854 ዓ.ም. የዋሽንግተን ከተማ ባሮች በአዋጅ ነፃ ወጡ። ሚልስ የሪድን ዋጋ 1,500 ዶላር አለ፤ መንግሥት 350 ዶላር ከ40 ሳንቲም ሰጠው። አቶ ሪድም ከዚያ ወዲያ ለራሳቸው ሠርተው የሚያድሩ፣ በሚያውቋቸው ዘንድ የተከበሩ ሰው ሆኑ።

በ1856 ዓ.ም. ኅዳር 23 ቀን፣ በሀገራችን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳሉ፣ የሐውልቲቱ ራስ በጉልላቱ ጫፍ ተገጠመ። 35 መድፍ ተተኮሰ፤ በከተማዪቱ ዙሪያ ያሉ ምሽጎችም መለሱ። ዴቪስ በዚያን ጊዜ በሪችመንድ ሆኖ ይዋጋ ነበር። ቆቡን አስወለቀ፤ ሐውልቲቱ ግን ባሪያ በነበረ ሰው እጅ ተሠርታ ወጣች።

የካቲት 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ሸንጎው ቤቱን ስለ ሠሩት ባሮች በካፒቶል አዳራሽ መታሰቢያ አቆመ። እርሱም ከቀድሞው ግንብ የወጣ የአኳያ ድንጋይ ነው፤ የመጥረቢያው ምልክት እስከ ዛሬ ይታይበታል። የጀሶውም ሞዴል በዚያው አዳራሽ ቆሟል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዩት፤ መግቢያ አይከፈልበትም።