አሮጌ እንጨት ለአዲስ ጓሮ



የዛሬው ርእሳችን አሮጌ እንጨትን መልሶ ለጓሮ ዕቃ ስለማዋል ነው። በጊቫት ሃሞሬ አንድ ሽማግሌ በዕብራይስጥ ሚሽታህ የሚባለውን የዕቃ መጫኛ ርብራብ ፈትተው የጎመን መደብ ወይም አግዳሚ ወንበር ቢሠሩ፣ «ሰው ምን ይለናል?» የሚል ልጅ አይጠፋም። እስቲ ታሪካችን የሚለውን እንስማ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ፣ ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአናጢነት ነገሥታቱን አገልግለዋል። ከአለቆቻቸውም አዝማችና በጅሮንድ የሚል ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። በገጠርም ቤት ሲፈርስ የሚጣለው ሣሩና ጭቃው እንጂ እንጨቱ አልነበረም። ምስጥ የማይደፍረው የጥድና የወይራ ምሰሶ ተነቅሎ ለአዲሱ ቤት ይተከላል፤ አጭሩ ለበረት፣ ስንጥሩ ለጓሮ አጥር ይሆናል።

ይህም የሆነው በድህነት ብቻ አይደለም፤ የደጋው ደን ስለተመናመነ ጭምር ነው። በ1886 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ እንኳ በእንጨት እጦት ልትለቀቅ ደርሳ፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው።

የእኛም ሸለቆ ይህን ችግር አይቷል። ከ1905 ጀምሮ ከሃይፋ በአፉላ በኩል ወደ ደርዓ የሚሄድ ባቡር ነበር፤ ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ቱርኮች ለባቡሮቻቸው ማገዶ የአገሩን ዛፍ ቆረጡት። እንጨት ማክበር እንግዲህ የድሃ ጠባይ ሳይሆን የአስተዋይ ሰው ጠባይ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት አለ። የጎንደሩ ምሰሶ ኬሚካል አልነካውም፤ የዚህ አገር አሮጌ እንጨት ግን ብዙ ጊዜ ነክቶታል። በባቡር ሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ጥቁር እንጨት ክሪዮሶት በሚባል መርዛም ቅባት የተነከረ ነው። አረንጓዴ መልክ ያለው አሮጌ ጣውላ አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል፤ በአሜሪካ ለመኖሪያ ግቢ መሥራቱ የቀረው በ2003 መጨረሻ ነው። እነዚህን ከሚበላ አትክልት አጠገብ አታድርጓቸው፤ ለቡና ማፍያም አታንድዷቸው፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ሚሽታህን በሚመለከት በ2002 ዓለም አቀፍ ደንብ ወጥቷል። ማኅተሙ ላይ «ኤች ቲ» የሚል ካለ፣ እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የጋለ ነው ማለት ነው። «ኤም ቢ» የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛም ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ይቅርባችሁ። ማኅተም የሌለውን፣ ዘይት የፈሰሰበትን ወይም አሮጌ ቀለም የተቀባውንም ተዉት።

በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ሽማግሎቻችን መጥረቢያና መሮአቸውን ትተው ቢመጡም፣ ሙያቸው ግን አብሯቸው ነው። ወጣቱ ማኅተሙን ያንብብላቸው፤ እነርሱ እንጨቱን መምረጥና ማጋጠም ያስተምሩት። አለዚያ ሙያው ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበራል።

ቸር ይግጠመን።