ሳይበላሽ የገደለ መሣሪያ፦ ቢቸናና ሞጣ በጠፈር ዘመን



ስለ ጠፈር ጉዞ ድሎችና አደጋዎች እንድናገር ስጠየቅ፣ ንግግሬን ከጨረቃ ጀምሬ ቢቸናና ሞጣ ላይ ለማሳረፍ ወሰንሁ። ሁለቱን ያገናኛቸው ዘመኑ ነው።

ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. አፖሎ 1 ገና በምድር ላይ ሲፈተሽ በእሳት ጋየ። ግሪሶም፣ ኋይትና ቻፊ ሞቱ። ክፍሉ በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር፤ በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት በመሆኑ የእሳቱ ግፊት አጥብቆ ዘጋው። ሚያዝያ 16 ቀን ደግሞ የሶቪየቱ ኮማሮቭ የሶዩዝ 1 ዣንጥላ በአግባቡ ሳይዘረጋለት ቀርቶ ከምድር ተላትሞ ሞተ። ሁለቱም አደጋዎች ተመረመሩ፤ ጉድለታቸውም ታረመ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 8 ሦስት ሰዎችን ይዞ ወደ ጨረቃ ተነሣ።

በእነዚያ ቀናት መካከል በነበረው 1960 ዓ.ም. በጎጃም ሌላ ታሪክ ይጻፍ ነበር። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ግብሩ በሰብል ግምት እንዲከፈል ደነገገ። ገበሬው ግምቱን የመሬት ልኬት መቅድም አድርጎ አየው፤ ልኬቱም ርስቱን የሚነጥቀው መሰለው። ቢቸናና ሞጣ ከዐመፁ ዋና ማዕከላት መካከል ነበሩ። መንግሥት ጦር ላከ፤ የጦር አውሮፕላኖችም በገበሬው መንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ። የምሥራቅ ጎጃም ሰው አውሮፕላንን እንደ ጠላት ሲያይ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም ከሰማይ ተደብድቧል። የአሁኑ አብራሪ ግን የገዛ አገሩ ልጅ ነበር። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ ዐዋጁም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

ከዚህ በመነሣት የቴክኖሎጂ አደጋን በሁለት እከፍለዋለሁ። አንደኛው መሣሪያው ሲበላሽ የሚደርሰው ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት በሆዱ አረፈ፤ በእሳትም ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው 737 ማክስ 157 ሰዎች አለቁ፤ ምርመራውም የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፋ የቁጥጥር ሥርዓት አጋለጠ። መርማሪ መጣ፤ የበረራ መቅጃው ተነበበ፤ መንሥኤው ታወቀ።

ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያው ምንም ሳይበላሽ የሚደርሰው ነው። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ሰማይ ላይ ሞተሩ በሚገባ ሠርቷል፤ ቦምቡም እንደታዘዘው ወድቋል። መሐንዲስ የሚያርመው ጉድለት የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አደጋ የመመርመር ዕዳ በታሪክ ባለሙያው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ማን አዘዘ? ማን ሞተ? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ቤቱ ምን ሆነ? እነዚህን ካልጠየቅን የቴክኖሎጂ ታሪክ የአብራሪዎችና የመሐንዲሶች ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄው ያለፈ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን 72 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አመጠቀች፤ መረጃዋንም የምንቀበለው በእንጦጦ ነበር። ይህች ሳተላይት የተሠራችው እርሻን፣ አካባቢንና የአየር ንብረትን ለመከታተል ነው። እኔም እንደማንኛውም ዜጋ ኮርቻለሁ። ሆኖም የቢቸና ገበሬ አባት ወይም አያት ግምትንና ልኬትን ፈርቶ ጠመንጃ ማንሣቱን የሚያውቅ ሰው፣ ከሰማይ የሚሰበሰበው መረጃ ለማን እንደሚውል መጠየቁ ተገቢ ነው።

ተማሪዎቼ፣ በ1960 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ሊደፍን ተቃርቧል። የአውሮፕላን መቅጃ ከስብርባሪ መካከል ተፈልጎ ይገኛል፤ የአዛውንት ትዝታ ግን አንድ ጊዜ ከተቀበረ አይወጣም። ለክረምት ወደ ሞጣ፣ ወደ ቢቸና የምትመለሱ ሁሉ ድምፅ መቅጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከአባቶችና ከእናቶች እግር ሥር ተቀምጣችሁ የሟቹን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የዕለቱን ሰማይ ጠይቁ። ያን ጊዜ የእኛም አደጋ መዝገብ ይኖረዋል።