ጥምቀት፦ ቤተ ክርስቲያን በተዘጋበት ከተማ ውሃ ብቻውን ይበቃል?

በሶማሊላንድ መዲና ሐርጌሳ በፓዱዋው ቅዱስ አንቶኒዮስ ስም የተሰየመች አነስተኛ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። ለረጅም ዓመታት ተዘግታ ከቆየች በኋላ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2017 ብትከፈትም፣ ተቃውሞ በመነሳቱ ብዙም ሳትቆይ ዳግም ተዘግታለች። ሕገ መንግሥቱ እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ይደነግጋል፤ ሌላ እምነት ማስፋፋትንም ይከለክላል።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ልጅ የወለዱ ክርስቲያኖች እንዴት ያስጠምቃሉ? ምላሹ እንደየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ይለያያል።

በካቶሊክ ሥርዓት አጥማቂው በመደበኛነት ካህን ወይም ዲያቆን ነው። ለሞት በሚያሰጋ አስቸኳይ ሁኔታ ግን ማንኛውም ሰው፣ የቤተ ክርስቲያንን ሐሳብ ይዞ በሥላሴ ስም ውሃ በማፍሰስ ሊያጠምቅ ይችላል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን የሚያጠምቀው ካህን ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ለጥምቀት ይቀርባሉ። ካህኑ ውሃውን በጸሎት ከባረከ በኋላ ሕፃኑን ሦስት ጊዜ ይነክራል። መነከሩ ከክርስቶስ ጋር መቀበርን፣ መውጣቱ ከእርሱ ጋር መነሳትን ያመለክታል። ከዚያም ሕፃኑ ሜሮን ይቀባል፣ ይቆርባል፤ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ የክርስትና ስምም ይሰጠዋል።

ወንዱን የክርስትና አባት፣ ሴቷን የክርስትና እናት ትቀበላለች፤ ይህም እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻን የሚከለክል መንፈሳዊ ዝምድና ነው።

ምእመናን በጠበል ደጋግመው ይጠመቃሉ፤ ጥር 11 በሚከበረው የጥምቀት በዓልም ውሃ ይረጫሉ። የልጅነት ጥምቀት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጸማል፤ አይደገምም። ስለዚህ ካህንና ደብር የራቀው ቤተሰብ የሚያጣው ውሃውን ሳይሆን፣ ልጁን ተቀብሎ የሚያሳድገውን ማኅበር ነው።