ከቢላዋው በኋላ፦ የአፍንጫና የጆሮ ቀዶ ጥገና የማገገሚያ ዘዴዎች ታሪክ

አፍንጫና ጆሮ ከፊት ወጣ ብለው የተቀመጡ፣ ስስ ቆዳ የለበሱና ቅርጻቸውን በልም አጥንት የሚይዙ አካላት ናቸው። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው የሚመገበው ከላዩ ከተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ተላቅቆ በመካከሉ ደም ከቋጠረ ልም አጥንቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፤ አፍንጫው እንደ ኮርቻ ይሰረጉዳል፣ ጆሮውም ይጨማደዳል። በዚህ ምክንያት እነዚህን አካላት በቀዶ ጥገና ያስተካከለ ሐኪም ስፌቱን ሲጨርስ ገና የሥራው ግማሽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አራት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው፦ የተሰፋው እንዳይነቃነቅ፣ የመተንፈሻው ቀዳዳ እንዳይደፈን፣ ቁስሉ እንዳይመረቅዝና ደም እንዳይቋጥር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የጥንት ሐኪሞች በልምድ ደርሰውባቸዋል። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በወጉ የታወቁት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው።

ስለዚህ ሥራ በዝርዝር ከሚናገሩት ጽሑፎች ቀደምቱ ሱሽሩታ ሳምሂታ የተባለው የሕንድ የሕክምና መጽሐፍ ነው። በጥንታዊት ሕንድ አፍንጫ መቁረጥ የቅጣት ዓይነት ነበር። ልጆች ጆሯቸውን ይበሱ ስለነበር ከባድ ጌጥ የጆሮን ጫፍ ሰንጥቆ መጣሉም የተለመደ ነው። መጽሐፉ የተሰነጠቀ ጆሮ የሚጋጠምባቸውን 15 መንገዶች ይዘረዝራል። ከተጋጠመ በኋላ ማርና ንጥር ቅቤ ይቀባል፤ በጥጥና በጨርቅ ይሸፈናል፤ ከዚያም ሳይጠብቅም ሳይላላም በክር ይታሰራል። ታካሚው ብዙ ከመብላት፣ ከድካም፣ ከብዙ ንግግር፣ እሳት ዳር ከመቀመጥና ቀን ከመተኛት እንዲታቀብ ታዟል። አፍንጫ ሲሠራ በአፍንጫው ልክ የተቆረጠ ቅጠል መለኪያ ይሆናል፤ በዚያ ልክ ከጉንጭ ላይ ቆዳ ተገፎ፣ አንደኛው ጫፉ ሳይቆረጥ፣ ወደ ጉድለቱ ይዞራል። ቀዳዳዎቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይገቡባቸዋል። በላዩ የመድኃኒት ዱቄት ይነሰነሳል፣ በነጭ ጥጥ ይሸፈናል፣ የሰሊጥ ዘይት ደጋግሞ ይንጠባጠብበታል። የዚያ ዘመን ሐኪም ቆዳው ሕይወቱን የሚያገኘው ካልተቆረጠው ጫፍ መሆኑን ስላየ፣ ከአዲሱ ቦታ ጋር በደንብ እስኪያያዝ ድረስ ያን ጫፍ አይቆርጥም ነበር።

በአውሮፓ ሙያው ብቅ ያለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሲሲሊ ደሴት፣ በካታኒያ ከተማ ነው። በዚያ ብራንካ የተባሉ አባትና ልጅ አፍንጫ ይሠሩ ነበር። ልጁ አንቶኒዮ ቆዳውን ከፊት ትቶ ከክንድ ማምጣት በመጀመሩ ፊት ላይ ሌላ ጠባሳ መተው ቀረ። የቤተሰብ ምስጢር ሆኖ የኖረውን ይህን ጥበብ ለሐኪሞች በይፋ ያስተማረው በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጋስፓሬ ታልያኮዚ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1597 በቬኒስ ታተመ። የሰይፍ ፍልሚያ አፍንጫ የሚያስቆርጥበት፣ ቂጥኝም የአፍንጫን አጥንት የሚበላበት ዘመን ስለነበር ፈላጊው ብዙ ነበር።

የታልያኮዚ ዘዴ የሚያሠቃየው ቀዶ ጥገናው ሲያበቃ ነው። ከላይኛው ክንድ የተገፈፈው ቆዳ ከክንዱ ሳይለይ በተቆረጠው አፍንጫ ላይ ይሰፋል። ስለዚህ ሰውየው ክንዱን አጥፎ፣ መዳፉን በራሱ ላይ አሳርፎ፣ አፍንጫውን ከክንዱ ጋር አጣብቆ ወደ 20 ቀን ያህል መኖር ይኖርበታል። ክንዱ ሸርተት ቢል ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህን ለመከላከል ኮፍያ፣ ሰደርያና የክንድ ማሰሪያ በአንድነት የተያያዙበት ልብስ አስቀድሞ በልኩ ይሰፋለታል። ልብሱ የግድ ቀድሞ የሚዘጋጅበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ክንድ ከፊት ጋር ከተሰፋ በኋላ ልብስ በራስ በኩል አይጠለቅም። የመጽሐፉ ሥዕሎች ታካሚውን በዚህ አኳኋን በትራስ ተደግፎ ያሳዩታል። በእነዚያ ሳምንታት የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበውና የሚያገላብጠው ሌላ ሰው ነው። ቆዳው ከክንድ ከተለየ በኋላ ደግሞ አፍንጫው እየተቀረጸ ወራት ያልፋሉ። ታልያኮዚ እ.ኤ.አ. በ1599 ከሞተ በኋላ ዘዴው እየተረሳ የሄደው ይህን የመሰለ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ጭምር ነው። በቦሎኛ የአናቶሚ ትምህርት አዳራሽ ያለው ሐውልቱ በእጁ አፍንጫ እንደያዘ ዛሬም ይታያል።

የሕንድ ሐኪሞች በበኩላቸው ሥራውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1794 በለንደን የሚታተም አንድ መጽሔት ለእንግሊዝ ጦር በሬ ይነዳ ስለነበረ ካዋስጂ ስለተባለ ሰው ዘገባ አወጣ። ካዋስጂ በ1792ቱ ጦርነት የማይሶሩ ገዥ የቲፑ ሱልጣን ምርኮኛ ሆኖ አፍንጫውና አንድ እጁ ተቆርጠውበታል። አዲስ አፍንጫ የሠራለት በፑኔ ከተማ የሚኖር፣ ዘሩ ከሸክላ ሠሪዎች የሆነ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ስስ የሰም ቅጠል በአፍንጫው ጉቶ ላይ ቀርጾ ያነሳዋል፤ ሰሙን ግንባር ላይ ዘርግቶ በዳሩ ያሰምራል፤ በመስመሩ ልክ ቆዳውን ይገፍፋል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ቀጭን የቆዳ ድልድይ ትቶ የተገፈፈውን ወደ ታች ያዞረዋል።

ዘገባው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሆነውንም ቀን በቀን ይናገራል። ከዛፍ የሚገኝ፣ የሚያጨማድድ ሙጫ በውኃ ለዝቦ በጨርቅ ቁራጮች ላይ ይቀባል። አምስት ወይም ስድስት ቁራጭ ተደራርቦ በመገጣጠሚያው ላይ ይለጠፋል፤ እስከ አራት ቀን ማንም አይነካውም። ከዚያ ይነሳና በንጥር ቅቤ የተነከረ ጨርቅ ይተካል። ታካሚው የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት ቀናት በጀርባው ይተኛል። በአሥረኛው ቀን ቀዳዳዎቹ ክፍት እንዲሆኑ ለስላሳ ጨርቅ ይገባባቸዋል። በዓይኖቹ መካከል ያለው ድልድይ የሚቆረጠው በ25ኛው ቀን ገደማ ነው። በሱሽሩታ መጽሐፍ ከታዘዘው ብዙው፣ መሸፈኑ፣ ቅቤው፣ ቀዳዳ መጠበቁና ድልድዩን አለመቸኮሉ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በፑኔ እንዳለ ይገኛል።

ይህን ዘገባ ከተከተሉት አንዱ ጆሴፍ ካርፑ የተባለ የለንደን ሐኪም ነው። ለ20 ዓመታት ያህል አስቦበት፣ በሬሳ ላይ ተለማምዶ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1814 ለአንድ የጦር መኮንን ከግንባሩ አፍንጫ ሠራለት። ማደንዘዣ ገና አልተገኘም። ቢላዋው የቆየው ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ጭንቁ የነበረው ፋሻው እስኪፈታ ነው። በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሲነሳ ቆዳው ይዟል። ከአራት ዓመት በኋላ በበርሊን ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግራፌ ስለ አፍንጫ ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ ለሙያው ራይኖፕላስቲ የሚለውን ስም ሰጠው። በዚያው ከተማ ዮሐን ፍሪድሪኽ ዲፈንባኽ የተዛወረን ቆዳ ቀለም ማንበብ አስተማረ። ቆዳው ከገረጣ ደም አልደረሰውም፤ ከጠቆረ ደግሞ ደሙ ገብቶ መመለሻ አጥቷል። ለጠቆረው አልቅት ይጣበቅበትና የተጠራቀመውን ደም ይመጥጣል። ይህ መፍትሔ ዛሬም በቆዳ ማዛወር ሥራ ላይ አልፎ አልፎ ያገለግላል።

እስከዚህ ድረስ ቀዶ ጥገናው የጎደለን ለመተካት እንጂ ያለን ለማሳመር አልነበረም። ሞት የሚያስከትል መመረቅዝ ባለበት ዘመን ጤነኛ አፍንጫ መቅደድ ትርፉ አደጋ ነው። ሁኔታውን የለወጡት ሦስት ግኝቶች ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን በይፋ የታየው የኤተር ማደንዘዣ፣ በ1867 ጆሴፍ ሊስተር ያስተዋወቀው ቁስልን ከጀርም የመጠበቅ ዘዴና በ1884 የታወቀው የኮኬይን አንድን ቦታ ብቻ የማደንዘዝ ባሕርይ። ውጤቱ በዚያው ዘመን ታየ። በ1881 ኤድዋርድ ኢላይ በኒው ዮርክ የአንድ የ12 ዓመት ልጅ የተዘረጉ ጆሮዎች አስተካከለ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ። በ1887 ጆን ሮ በሮቸስተር ከተማ አፍንጫን በውስጥ በኩል ብቻ ገብቶ ያለ ውጭ ጠባሳ መቀነስ እንደሚቻል ጻፈ። በ1896 ደግሞ በበርሊን ዣክ ጆሴፍ በጆሮው ትልቅነት በትምህርት ቤት የሚሳቅበትን ልጅ ጆሮ ቀነሰ። ልጁ ዳነ፤ ሐኪሙ ግን ለውበት ተብሎ ቀዶ ጥገና አይደረግም በሚል ከሥራው ተሰናበተ። ጆሴፍ ሥራውን ቀጥሎ በ1898 በበርሊን የሕክምና ማኅበር ፊት ስለ ቀነሰው አፍንጫ ሲናገር፣ ሰውየው ሰው መሃል መግባት መቻሉን እንደ ሕክምና ውጤት አቀረበ።

የማገገሚያውን ጊዜ ለማስቀረት የተሞከረ አቋራጭ ያመጣውም ጉዳት አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቪየናው ሮበርት ጌርሱኒ ፓራፊን፣ ማለትም ከነዳጅ የሚገኝ ሰም፣ በመርፌ መውጋት ጀመረ። የሰረጎደ አፍንጫ በደቂቃዎች ይሞላል፤ ፋሻም መኝታም የለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ሰሙ ከቦታው ሲንሸራተት፣ ሲጓጉልና ቆዳን ሲያቆስል ታየ። ወደ ደም ሥር ገብቶ ዓይን ያጠፋበትም ጊዜ ነበር። ሐኪሞች ፓራፊንን እርግፍ አድርገው ሲተዉ የተሻለ ተስፋ የሰጣቸው የታካሚው የራሱ ሥጋና አጥንት ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት የማገገምን ሥራ ወደ ትልቅ ተቋም አሳደገው። በእንግሊዝ ሲድካፕ በ1917 የተከፈተው ሆስፒታል በኒው ዚላንድ ተወላጁ በሃሮልድ ጊሊስ እየተመራ ከ5,000 በላይ ፊታቸው የቆሰለ ወታደሮችን አከመ። ጊሊስ የሚዛወረውን ቆዳ እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ሰፋው። የቆዳው የውስጥ ገጽ ሳይጋለጥ በመቅረቱ ፔኒሲሊን ባልነበረበት ዘመን መመረቅዝ በእጅጉ ቀነሰ። ቱቦው ከደረት ወደ ፊት እስኪሸጋገር ወራት ስለሚፈጅ፣ በሆስፒታሉ ክፍሎች መስታወት ተከልክሎ ነበር። በሥጋ ደዌ ከውስጥ ተኮማትሮ ለጠፋ አፍንጫም ውስጡን በቆዳ መልበስና ቅርጹን የሚይዝ ድጋፍ ለወራት ማስገባት ተለመደ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚመርጥ አፍንጫና ጆሮን ቀድሞ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት በሽታው ያበላሸውን አካል የሚጠግን ቀዶ ጥገና የተሰጠበት ማዕከል ነው።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ያተረፈው በዋናነት የ«ለምን» መልስ ነው። አስፒሪን በ1899 ለገበያ የቀረበ ቢሆንም፣ ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት ማዳከሙ የተረጋገጠው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይወሰድ ይታዘዛል። ሲጋራ ስስ የደም ሥሮችን አጥብቦ የተገፈፈ ቆዳን እንደሚገድል በ1980ዎቹ የታተሙ ጥናቶች አሳዩ። በዚያው አስርት መጀመሪያ በአፍንጫ ውስጥ ለቀናት የሚቆይ የጥጥ መጠቅጠቂያ አልፎ አልፎ ገዳይ የባክቴሪያ መርዝ እንደሚያስከትል በመታወቁ፣ መጠቅጠቅ እየቀነሰ አየር የሚያሳልፉ የሲሊኮን ድጋፎች ቦታውን ወሰዱ። በጆሮ በኩል የስኮትላንዱ ጃክ ሙስታርዴ በ1963 ልም አጥንቱን በመቁረጥ ፋንታ በክር አጥፎ የመያዝ ዘዴ አሳተመ። ክሩ እስኪጸና ድረስ ጆሮው ወደ ፊት እንዳይጎተት መጠበቁ ግን ግዴታ ሆኖ ቀጠለ።

ዛሬ ታካሚው ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄደው መመሪያ የዚህ ሁሉ ታሪክ ድምር ነው። አፍንጫው ላይ የሚለጠፈው ጠንካራ ድጋፍ ለሳምንት ያህል ይቆያል። ታካሚው ራሱን ከፍ አድርጎ በጀርባው ይተኛል፤ ይህም እብጠትንና በቁስሉ ላይ ያለውን የደም ግፊት ይቀንሳል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይናፈጥም፤ ቢያስነጥሰው አፉን ከፍቶ ያስነጥሳል። መነጽር ለሳምንታት በአፍንጫው ላይ አያሳርፍም፤ ኳስና ግፊያ ያለበትን ጨዋታ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ይተዋል። በዓይን ዙሪያ የሚታየው ብልዘት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ የአፍንጫው ጫፍ እብጠት ግን እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል የመጨረሻው ቅርጽ ቀድሞ አይፈረድበትም። ጆሮው የተሠራ ሰው ፋሻው ከተፈታ በኋላ ለሳምንታት ሌሊት ሌሊት የራስ ማሰሪያ ያደርጋል።

ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን የሚያስሮጡ ምልክቶችም ተለይተው ታውቀዋል። በአንድ ወገን ብቻ እየባሰ የሚሄድ ሕመምና ውጥረት ደም መቋጠሩን ያመለክታል፤ ደሙ ቶሎ ከወጣ ልም አጥንቱ ይተርፋል። በአፍንጫ ሲሆን ሁለቱም ቀዳዳዎች በድንገት መደፈናቸው ያንኑ ያሳያል። የማያቆም መድማት፣ ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽና የዓይን እይታ መለወጥም ለነገ የሚባሉ አይደሉም።