«ዋሽንግተን አገደችን» ያሉት ልጆች

ሐምሌ 16 ሲቃረብ የዚህ ዓምድ አርታኢ ከሻሸመኔ ራስታዎች የሚጀምር ጽሑፍ ይጠብቅብኛል። ዘንድሮ ይቅርታ ልጠይቀው። የጃንሆይን ልደት ሰበብ አድርጌ የምሄደው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ በድሬድሎካቸው ሬጌ ሲጫወቱ ኖረው፣ ስማቸው ግን ሬጌ ባልሆነ ሙዚቃ ወደተነሣ አራት ጥቁር አሜሪካውያን።

ባድ ብሬይንስ ይባላሉ፤ አነሣሣቸው ብዙ ስለተባለለት በሩጫ ልለፈው። ድምፃዊው ፖል ሃድሰን ነው፤ ሁሉም ኤች አር ይለዋል። ከበሮ መቺው ወንድሙ ኧርል፣ ጊታሪስቱ ዶክተር ኖ የሚባለው ጌሪ ሚለር፣ ቤዝ ተጫዋቹ ዳሪል ጄኒፈር። መጀመሪያ ማይንድ ፓወር ተብለው ጃዝ ፊውዥን ይሞክሩ ነበር። ፓንክን ያስተዋወቃቸው ጓደኛቸው ሲድ ማክሬይ ነው። በጃዝ የተገራ ጣት ሦስት ኮርድ ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም፤ አከነፉት። ስማቸውን ከራሞንስ ዘፈን ወሰዱ። «መጥፎ አንጎሎች» ማለት ነው ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም፤ በጥቁሮቹ ሰፈር ቋንቋ ግን «ባድ» ሙገሳ ነው፤ እኛ ጎበዙን «አውሬ ነው» እንደምንለው። ቦብ ማርሊን መድረክ ላይ ካዩ በኋላ ደግሞ ጃንሆይን ወደሚያመልከው የራስታ እምነት አዘነበሉ።

አሁን ወደ ክርክሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 የዋሽንግተን ክለቦች ባድ ብሬይንስን አገዱ ይባላል። ቡድኑ ራሱ «ባንድ ኢን ዲሲ»፣ «በዲሲ የታገዱ» እንደማለት፣ የሚል ዘፈን አወጣበት። በአድናቂው አፍ ታሪኩ አድጎ አድጎ ከተማው አዋጅ ያስነገረባቸው ሊመስል ምንም አልቀረውም።

እኔ አዋጁን ትቼ በጊዜው የሆነውን ልይ። ኤች አር መድረክ ላይ የሚታይ እንጂ የሚሰማ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ኋላ ተገልብጦ በዘፈኑ የመጨረሻ ምት ላይ በሁለት እግሩ ያርፋል። ከሥሩ ያለው ወጣት ይጋፋል፣ ይዘላል፣ ብርጭቆ ይሰበራል። ገቢው ከመጠጥ የሆነ ባለ ክለብ ይህን አንዴ ካየ ሁለተኛ አይደውልም። እገዳው ይኸው ነው፤ ማኅተም የሌለው፣ በዝምታ የተደረገ። ፓንክ የነጭ ልጆች ሙዚቃ በነበረበት ጊዜ ተጫዋቾቹ ጥቁሮች መሆናቸው ዝምታውን አላከበደውም ማለት ግን ይቸግረኛል።

በዚያው ዓመት መድረክ አላጡም። በአዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድ ላይ፣ ማዳምስ ኦርጋን የሚባል የአርቲስቶች ቤት በሩን ከፍቶላቸዋል። በደቡብ ምሥራቅ ዋሽንግተን በቫሊ ግሪን የድሆች መኖሪያ ግቢ ውስጥም ደጅ ላይ ተጫውተዋል። ያኔ ወጣት የነበረው ፎቶ አንሺ ሉሺያን ፐርኪንስ በካሜራው አስቀርቶታል። ከዚያ ያላቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ በረሩ፤ የሥራ ፈቃድ የላችሁም ተብለው ከአየር ማረፊያው ተመለሱ። ባዶ እጃቸውን ሲመጡ መሣሪያ ያዋሷቸው የፓንክ ቡድኑ የቲን አይድልስ ልጆች ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ኋላ ማይነር ትሬት የተባለውን ቡድን የመሠረተው ኢያን ማኬይ ነበር። በእኔ ሚዛን ወደ ኒው ዮርክ የገፋቸው እገዳው ብቻ ሳይሆን ኪሳቸውም ነው። ከሄዱ በኋላም ወደ ዋሽንግተን እየተመለሱ ተጫውተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያ አልበማቸው በካሴት ብቻ ወጣ። ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፤ የካፒቶልን ጉልላት መብረቅ ሲመታው ያሳያል። ታግደናል ያለ ሰው ለከተማው የሚልከው ፖስታ ካርድ በሉት።

የቀረው የታወቀ ነው። በ1983 «ሮክ ፎር ላይት»፣ በ1986 «አይ አጌንስት አይ»። ለሁለተኛው ኤች አር አንዱን ዘፈን ከሎርተን እስር ቤት በስልክ ዘፍኖታል። መለያየት፣ መታረቅ፣ ደግሞ መለያየት። እምነቱን ይዘው በ1982 ቴክሳስ ውስጥ ከግብረ ሰዶማዊ ሙዚቀኞች ጋር የተጣሉበት ነገር እስከ ዛሬ ይነሣባቸዋል፤ ይገባቸዋልም። በ2007 የቢስቲ ቦይሱ አዳም ያውክ «ቢልድ ኤ ኔሽን»ን ፕሮዲዩስ አደረገላቸው።

እነሱ በለቀቁት 18ኛው መንገድ ላይ በ1980ዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደረደሩ። ጃንሆይን ካወረደው ደርግ የሸሹት ወገኖቻችን በርበሬ ያቁላሉበት ሰፈር፣ ጃንሆይን የሚያመልኩ ፓንኮች የተንጫጩበት ነበር ማለት ነው። ኋላ ኪራዩ ሲወደድ ብዙው ወደ 9ኛው መንገድ ወረደ።

ባለፈው ዓመት እዚያው 9ኛው መንገድ ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ያ መብረቅ የታተመበት ካናቴራ የለበሰ ነጭ ወጣት ገባ። ታሪኩን ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት። ታክሲ ሲነዳ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ሳቁ አልቆም አለ።

«በ82 ነው ያልከኝ? በፈረንጁ?»

«አዎ።»

«ያኔ እኮ እኛ የጃንሆይን ፎቶ ከግድግዳ አውርደን አልጋ ሥር ደብቀን ነበር። እማዬ በነጠላ ጠቅልላ።»

ወጣቱ ጥግ ይዞ ክትፎውን በእንጀራ ለመጠቅለል ይታገላል።